ድመት አይጋትም

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ነብሮ የሚባል የ4 ዓመት ድመት አለኝ። ሰሞኑን ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ አብጦ ዓይናር ይሞላል። ሐኪም ጋ ወሰድኩትና ዶክሲሳይክሊን የሚባል ክኒን በቀን አንዴ ለ14 ቀን፣ ከዚያ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ታዘዘለት። እንዴት እንደሚሰጥ ግን ያሳየኝ የለም። መጀመሪያ ፈጭቼ ወተት ውስጥ ጨመርኩለት፤ አሽትቶ ሄደ። በማግስቱ በግድ አፉን ከፍቼ ጣልኩበት፤ አረፋ ደፍቆ ተፋው፣ እጄንም ቧጨረኝ። በ3ኛው ቀን እናቴ ‹ልጅ ይጋት የለ እንዴ፤ አፍንጫውን ያዢና ጋቺው› አለችኝ። በውሃ በጥብጠን በማንኪያ አፈሰስንበት። ሳለ፣ ታነቀ፣ ሁላችንም ደነገጥን። ከዚያ ወዲህ ውሎው አልጋ ስር ነው። ስጠራው አይወጣም። ዛሬ 5ኛ ቀናችን ነው። ገላው ያተኩሳል፣ ፓራሲታሞል ሩቡን ልስጠው እያልኩ ነው። ቡቺ የሚባለው ውሻችንም የትል ክኒን ታዞለት ሥጋውን በልቶ ክኒኑን ለይቶ ይተፋል። ጾም ስለሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ነብሮ የጠላኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ፓራሲታሞሉን ወደ መሳቢያው መልሺው። ሩቡንም አትስጪው። የሩብ ሩቡንም።

የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደኛ አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ድመት ሊገድል ይችላል። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዱ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቱና መዳፎቹ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን እስክታነቢ ድረስ ሰጥተሽው ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ፣ ምን ያህል እንደሰጠሽና በስንት ሰዓት እንደሰጠሽ ሳትደብቂ ተናገሪ። ማርከሻ አለው፣ ግን ቶሎ ሲደርስ ነው የሚሠራው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም በራስሽ ውሳኔ አይሰጡም፤ ለነብሮም ለቡቺም።

ያተኩሳል ያልሽው ደግሞ ላይሆን ይችላል። የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከኛ ይበልጣል። ስለዚህ ጤነኛ ድመት ሁሌም ለእጃችን ይሞቃል። ትኩሳት መኖሩ የሚታወቀው በሙቀት መለኪያ ነው፣ እሱን ደግሞ ሐኪሙ ይለካዋል።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ያ ሳል ነው። በማንኪያ ስታፈሱበት ታንቆ ከሆነ፣ ከፈሳሹ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብለሽ ጠጋ በይና ደረቱን ተመልከቺ። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ለ30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 አባዢው። የተኛ ድመት በደቂቃ ከ30 በታች ነው የሚተነፍሰው። ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳሉ ካላቆመ፣ ወይም ምግብ ከተወ፣ ሳታሳድሪ ውሰጂው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነማ መቁጠርም አያስፈልግም፣ ቀጥታ መሄድ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካየን በኋላ አሁን ወደ ክኒኑ እንምጣ።

እናትሽ የተናገሩት ቃል ውስጤ ገባ። መጋት። ብዙዎቻችን ያደግነው ተግተን ነው። እግር ላይ ተንጋልለን፣ አፍንጫችን ተይዞ፣ እያለቀስን። ገጠር ያደገ ሰው ደግሞ ላምና በሬ በጠርሙስ ሲጋት አይቷል። ስለዚህ እናትሽ የሚያውቁትን ነው የነገሩሽ፣ አትውቀሻቸው። ግን ድመት አይጋትም። አፍንጫው የተያዘ ድመት ከመዋጡ በፊት አየር ለመሳብ ይታገላል፣ አየሩን ሲስብ አፉ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይገባል። ከብት እንኳን በጠርሙስ ሲጋት በዚሁ ምክንያት ሳንባው ተበላሽቶ የሚሞት አለ። 4 ኪሎ የማይሞላ ድመት ላይ አደጋው ምን ያህል እንደሚብስ አስቢው።

አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት፣ ልክ እንደ ነብሮ ጉንፋን የያዛት አንዲት ድመት መጥታ ይህንኑ ዶክሲሳይክሊን አዘዝኩላት። ባለቤቷ ጎበዝ ሴት ነበሩ፣ አንድም ቀን አላሳለፉም። ጉንፋኑ ዳነ። ከ2 ሳምንት በኋላ ድመቷን ይዘው ተመለሱ። የበላችውን ሁሉ ወዲያው ትመልሳለች፣ ከስታ አጥንቷ ወጥቷል። ክኒኑ በደረቁ ሲዋጥ ጉሮሮዋ ላይ እየተጣበቀ ቆይቶ፣ የምግብ ቧንቧዋን ከውስጥ አቃጥሎት፣ ቁስሉ ሲድን ጠቦ ነበር። ይህ ዶክሲሳይክሊን በድመት ላይ የሚያደርሰው የታወቀ ጉዳት ነው። እኔ ግን ስሸኛቸው «ውሃ አስከትሉበት» የምትል አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ለሳቸውም ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒን አዝዤ፣ እንዴት እንደሚሰጥ በእጄ ሳላሳይ ማንንም አልሸኘሁም። አንቺም «ያሳየኝ የለም» ስትዪ ያ ቀን ነው የታወሰኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው፦ ዶክሲሳይክሊን ለድመት በደረቁ አይሰጥም። ሁሌ ከኋላው ውሃ ወይም ምግብ ይከተለዋል። ሁሌ።

ወተቱም ቢሆን የተሳሳተ ነበር፣ በሁለት ምክንያት። ዶክሲሳይክሊን ከወተትና ከአይብ ጋር ሲሰጥ ወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ሁለተኛ ተፈጭቶ ሲበጠበጥ ምሬቱ ሳህኑን ሁሉ ይሞላዋል። ድመት ግማሹን ልሶ ቢሄድ ስንት እንደወሰደ አንቺም አታውቂም፣ ሐኪሙም አያውቅም። በዚያ ላይ የሚወደውን ነገር ያስጠላዋል። የታመመ ድመት ምግቡን ጠልቶ 2 እና 3 ቀን ሳይበላ ከዋለ ደግሞ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ሌላ ከባድ በሽታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዋናው ምግቡ ላይ መድኃኒት አትነስንሺበት። የምግብ ሳህኑ ሰላሙ የተጠበቀ ይሁን።

አሁን እጅሽን ላሰልጥነው። ክኒኑን ከመያዝሽ በፊት ነብሮ የት ነው? አልጋ ስር። እዚያ እጅሽን ሰደሽ፣ እግሩን ጎትተሽ አታውጪው። መሸሸጊያው የሱ ነው፣ እዚያ ገብተሽ ከያዝሽው የሚያመልጥበት ቦታ ያጣል፣ ያኔ ነው የሚቧጭረው። ይልቅ ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት የመኝታ ቤቱን በር ዝጊ፣ አልጋ ስር እንዳይገባ። ሳሎን ወይም ትንሽ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ከሚበላበትና ከሚተኛበት ቦታ ራቅ ያለ። «ና ነብሮ» ብለሽ ጠርተሽ አትያዢው፤ ስሙን የወጥመድ ምልክት አታድርጊበት። ቀስ ብለሽ ሂጂና አንሺው። ልጆች ካሉ ለ5 ደቂቃ ይውጡ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።

ሁሉንም ነገር አስቀድመሽ አዘጋጂ፦ ክኒኑን፣ መርፌው ወልቆ የተጣለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ውሃ ተሞልቶ፣ የሚወደው ምግብ አንዲት ቁራሽ፣ አንድ ወፍራም ፎጣ። ከያዝሽው በኋላ ዕቃ ፍለጋ መሄድ የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ወለሉ ላይ ተንበርከኪ፣ ፎጣውን በጉልበቶችሽ መሃል ዘርጊው፣ ነብሮን ፊቱን ወደ ፊት አድርገሽ፣ ጀርባውን ወደ አንቺ አስጠግተሽ አስቀምጪው። ድመት ሲፈራ ወደ ኋላ ነው የሚያፈገፍገው፣ ኋላው ላይ አንቺ ካለሽ መሄጃ የለውም። አንገቱን ሳታንቂ ፎጣውን ደረቱ ላይ አጥፊው፣ የፊት እግሮቹ ውስጥ ይግቡ። ሕፃን እንደሚጠቀለል ማለት ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። የአንገቱን ቆዳ ይዘሽ አታንጠልጥዪው፣ ትልቅ ድመት ሲንጠለጠል ያመዋል፣ ይደነግጣል።

ቀኝ እጅሽ የሚጽፍ ከሆነ ግራሽን ከላይ ጭንቅላቱ ላይ አድርጊ። አውራ ጣትሽ በአንዱ ጉንጭ አጥንት፣ ሌሎቹ በሌላው በኩል። ጢሙን አትጨፍልቂበት። ቀስ ብለሽ አፍንጫውን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጊው። ሲቀና የታችኛው መንጋጋው ራሱ ይላላል። ክኒኑን በቀኝ አውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ፣ በመሃል ጣትሽ ከፊት ያሉትን ትናንሾቹን የታች ጥርሶች ወደ ታች ገፋ አድርጊ። አፉ ይከፈታል። ምላሱ ወደ ኋላ ጉብ ይላል፣ ክኒኑን ከዚያ ጉብታ ባሻገር፣ ልክ መሃሉ ላይ ጣዪው። ከጎን ከጣልሽው ጥርስ ያገኘዋል፣ ይነክሰዋል፣ ይመረዋል፣ ይተፋዋል። ከፊት ከጣልሽው ምላሱ አውጥቶ ይሰጥሻል። መሃልና ኋላ ነው ቦታው። ጣትሽን ግን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቺ።

ወዲያው አፉን ዝጊና ጭንቅላቱን ወደ ተፈጥሮ ቦታው መልሺው። ቀና እንዳለ ካቆየሽው መዋጥ አይችልም። ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። አፍንጫውን በምላሱ ሲልስ አየሽ? ዋጠው ማለት ነው።

ከዚያ ውሃው። የሲሪንጁን ጫፍ ከክራንቻው ጀርባ፣ ጉንጩና ጥርሱ መሃል ባለው ክፍተት ከጎን አስገቢ። ጭንቅላቱ ቀጥ ይበል፣ ወደ ላይ አይቀና። ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ ግማሽ ሚሊ ሰጥተሽ እስኪውጥ እየጠበቅሽ፣ እስከ 5 ሚሊ ድረስ ስጪው። ካሳለ አቁሚ። ውሃው ካስቸገረሽ ክኒኑ እንደገባ ወዲያው አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን እርጥብ ምግብ ይብላ፤ ምግቡም ክኒኑን ገፍቶ ያወርደዋል። ክኒኑን ከመስጠትሽ በፊት ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ስስ አድርገሽ ብትቀቢው ደግሞ ይንሸራተታል፣ ምሬቱም ወዲያው አይሰማውም።

አንብበሽው ረዘመብሽ ይሆናል፣ ሲሠራ ግን ክኒኑ ለብቻው 5 ሰከንድ አይፈጅም። የሚያደክመው ትግሉ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክረሽ ካልሆነ ልቀቂው። ይሂድ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትመለሺበታለሽ። አንድ ክኒን ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይሆንም። በፍርሃት የታነቀና የተናደደ ድመት ግን በቀሩት ቀናት ሁሉ ያስቸግርሻል።

አንድ ቀን ካመለጠሽ ስታስታውሺ ስጪው፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዪው። ሁለቱን በአንዴ አትስጪ። ክኒኑን ሙሉውን ወዲያው ከተፋው ድጋሚ ይሰጠዋል። ከዋጠ በኋላ ቆይቶ ካስመለሰው ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትድገሚ። ያለፉት 5 ቀናት እንዴት እንዳለፉም ንገሪው፣ ቀኑን ያራዝመው እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

ስለ አረፋው። ድመት መራራ ነገር ሲቀምስ እንደ ሳሙና አረፋ ለሃጩን ያዝረከርካል። ያስፈራል፣ ግን መመረዝ አይደለም፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይተዋል። ውሃ ስጪው፣ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን በጣም የምፈራውን ነገር መናገር አለብኝ። አረፋው መድኃኒት ከቀመሰ በኋላ ከመጣ ምሬት ነው። ምንም ሳይቀምስ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ወይም ጠባዩ በአንዴ የተገለበጠ ድመት ወይም ውሻ ካየሽ አፉን አትክፈቺ። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብለሽ እጅሽን አትስደጂ። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ድመትም ይይዘዋል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበውና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ባህላዊ መድኃኒት እስኪገኝ፣ ጠበል እስኪደረስ ተብሎ ቀን አይቆጠርም። ምልክቱ ሰው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፣ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ነብሮና ቡቺ የእብድ ውሻ ክትባታቸውን ካልተከተቡ፣ ነብሮ ሲሻለው ሁለቱንም አስከትቢያቸው። የቧጨረሽን እጅሽንም እዪው። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀሽ፣ ለራስሽም ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የድመት ንክሻና ቡጭሪያ ቶሎ ይመረቅዛል።

ጾሙን በተመለከተ፣ እናትሽ የጾም ድስታቸው ውስጥ ጉበት ሲቀቀል ማየት እንደማይፈልጉ ይገባኛል። አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይተሽ የነብሮ አድርጊው። በሁዳዴ ብዙ ሉካንዳ ቢዘጋም የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። ሩብ ኪሎ ጉበት ገዝተሽ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም ቀቅለሽ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ሳምንት ያወጣሻል። ካልሆነ ሰርዲን ወይም ቱና በቆርቆሮ አለ፤ በርበሬና ቲማቲም የሌለበትን ምረጪና ዘይቱን አጠንፍፊው። ጉንፋን የያዘው ድመት አፍንጫው ስለተዘጋ አይሸተውም፣ የማይሸተውን ደግሞ አይበላም። አፍንጫውን በሞቅ ያለ ውሃ በራሰ ጥጥ ጥረጊለት፣ ምግቡንም ለብ አድርጊው። ሽታው ሲመጣ ይነሳል።

ወጥ ግን በጭራሽ። ሽሮም ቢሆን፣ የምስር ወጥም ቢሆን፣ ዶሮ ወጥም ቢሆን። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ድመት ላይ ይብሳል። ለጉንፋን ተብሎ ነጭ ሽንኩርት የሚሰጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከልባቸው ሊያድኑት ነው፣ ግን እየጎዱት ነው።

የዓይን ቅባቱ ከክኒኑ ይቀላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥጥ ነክረሽ ዓይናሩን ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ጥረጊ፣ ለያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጥጥ። ቱቦውን ከፊት ለፊቱ አታምጪበት፣ ሲመጣበት ሲያይ ይሸሻል። ከጭንቅላቱ ኋላ አምጪው፣ እጅሽን ግንባሩ ላይ አሳርፊ፣ የታችኛውን ቆብ ትንሽ ሳብ አድርገሽ የሩዝ ፍሬ የምታህል አስቀምጪ። የቱቦው ጫፍ ዓይኑን አይንካ። ቆቡን ዘግተሽ አንዴ ሁለቴ አሻሺው፣ ራሱ ይሰራጫል። ቅባቱን ከጀመርሽ በኋላ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላና ካበጠ ግን አቁመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ቤት ውስጥ የተረፈ ሌላ የሰው ዓይን ጠብታ ካለ ደግሞ አትጠቀሚበት። አንዳንዱ ውስጥ ዴክሳሜታሶን አለ፣ ዓይኑ ላይ ቁስል ካለ ቁስሉን ያብስበታል።

ቡቺ የሚሠራው ውሾች ሁሉ የሚሠሩትን ነው። ለሱ ሦስት ጉርሻ አዘጋጂ። የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ክኒን ያለበት፣ ሦስተኛው ባዶ ሆኖ በሌላው እጅሽ ዓይኑ ፊት የተያዘ። የመጀመሪያውን ሲውጥ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያሳየሽ። ሦስተኛውን ለማግኘት ሲቸኩል ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። ሚስጥሩ ሁለት ነው። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ ትልቅ ከሆነ ያኝከዋል፣ ሲያኝክ ያገኘዋል። ክኒኑን የነካሽበት እጅ ደግሞ ጉርሻውን አይጠቅልል፣ ውሻ ሽታውን ከውጭ ካገኘው ገና ሳይጀምር ነቅቶብሻል። ከምግብ ሰዓቱ በፊት፣ ሲርበው አድርጊው። ለጾም ቤት የሚመቸው የለውዝ ቅቤ ነው፣ ብዙ ውሻ ይወደዋል። ስኳር የለውም የተባለውን አትግዢ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ውሻን ይገድላል። ዘቢብና ቸኮሌትም ክኒን መደበቂያ አይሆኑም፣ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ቡቺና ነብሮ አንድ ቤት ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ለቡቺ የቁንጫ ወይም የመዥገር መድኃኒት ብትገዢ ያንኑ ለነብሮ አትቀቢው። የውሻው ላይ ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን አለ፣ ድመትን ያንቀጠቅጠዋል፣ ይገድለዋል። ለከብት መዥገር የሚሸጠው አሚትራዝና ዲያዚኖንም እንደዚያው ነው። የከብት አይቨርሜክቲን በግምት ቀድቶ መስጠትም አይሆንም። የከብቱ መጠን ለውሻና ለድመት አይሠራም።

ጠላኝ ላልሽው ልመልስልሽ። ነብሮ አልጠላሽም፤ እጅሽ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስላላወቀ ፈርቶ ነው። ስለዚህ እጅሽ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሂድ። በቀን 3 ጊዜ አካባቢ፣ ያለ ክኒን፣ ተቀመጪና ጭንቅላቱን ዳሰስ አድርጊ፣ ጉንጩን ነካ፣ የከንፈሩን ጫፍ ነካ፣ ከዚያ ጉበት። በቃ፣ ልቀቂው። በማግስቱ አፉን ለአንድ አፍታ ከፈት አድርገሽ ዝጊ፣ ከዚያ ጉበት። አፉ ተነክቶ ክኒን የማይመጣበት ጊዜ ከሚመጣበት ሲበልጥ መሸሹን ይተዋል። ክኒኑን ከዋጠ በኋላም ወዲያው ብድግ ብለሽ አትሂጂ። ፎጣውን ፍቺለት፣ ምግቡን ስጪው፣ የሚወደው ቦታ ላይ እከኪለት፣ መሄድ ከፈለገ ይሂድ። እናትሽንም ከነገሩ አታርቂያቸው። ሲሪንጁን ያቀብሉሽ፣ ጉበቱን እሳቸው ይስጡት። እሳቸውንም ነው የፈራው፣ እሳቸውም መታረቅ አለባቸው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በ2 ቀን ውስጥ ካልሆነልሽ ወደ ሐኪሙ ተመለሺና በግልጽ «መስጠት አልቻልኩም» በይ። ይቆጣኛል ብለሽ አትፍሪ። እኛን የሚጎዳን እንዳልተሰጠ አለማወቃችን ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ሌላ ጠንካራ እንቀይራለን፣ ለካ ክኒኑ ከሶፋው ስር ተሰብስቧል። በሽሮፕ የሚገኝ ካለ ይቀየርልሻል። በመርፌ የሚሰጥ ሌላ አማራጭም ሊኖር ይችላል። ቅርብ ከሆነም በየቀኑ ወስደሽ እዚያው ማሰጠት ትችያለሽ። ክኒን በእጃቸው እንዲያሳዩሽም ጠይቂ፣ አንዴ ማየት ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይሻላል። ዓይኑ ስለተሻለው ብቻ ግን በ8ኛው ቀን አታቋርጪ፣ ማቋረጥ ካስፈለገ እነሱ ይበሉሽ።

ዛሬ ክኒኑን ተዪው ወይም ስጪው የሚለውን ትንፋሹ ይወስን። ከ30 በታች ሆኖ፣ ሳይስል፣ እየበላ ከሆነ በሩን ዘግተሽ፣ ፎጣውን ዘርግተሽ ጀምሪ። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ስንት እንደቆጠርሽ ጻፊልኝ።